መንገዱ ሲሰፋ ሸዋ ሮቢት የት ትቆማለች?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የወረደ ሰው ሸዋ ሮቢትን በሁለት ነገር ያውቃታል፤ በሙቀቷና በማንጎዋ። ጣርማበር ላይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ተሳፋሪ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ አንድ በአንድ ያወልቃል፤ ሮቢት ሲደርስ በሸሚዝ ቀርቷል። መስኮት ይከፈታል፣ ማንጎና ፓፓያ የያዙ እጆች ይዘረጋሉ፣ በዋጋ ይጨቃጨቃሉ፣ ረዳቱ «እንሂድ!» ይላል፣ አለቀ። እኛ የከተማ ልጆች ስለ ይፋት ቆላ ያለን ዕውቀት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ መስኮት አያልፍም።

ትውውቁ አጭር የሆነው ግን ለእኛ ነው እንጂ ለሻጯ አይደለም። ለእሷ ያቺ አምስት ደቂቃ የዕለት ጉርሷ ናት። ጎሚስታው፣ ምግብ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ማደያው፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ ሁሉም የሚኖሩት መኪና ስለሚቆም ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ መኪና ስለሚያልፍ አላልንም። በማለፍና በመቆም መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በአዲስ አበባ፣ ደሴ፣ መቀሌ ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በስተደቡብ ደብረ ብርሃን፣ በስተሰሜን ኮምቦልቻ አሉ፤ ሁለቱም የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀላቸው ከተሞች ናቸው፤ ኮምቦልቻ በ2009፣ ደብረ ብርሃን በ2011። በሁለት የፋብሪካ ከተሞች መካከል ያለ ጠባብ መንገድ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ጠባብ ሆኖ አይኖርም። ዛሬም ባይሆን ነገ፣ ወይ ይሰፋል ወይ በጎኑ ሌላ ይሠራለታል። ያኔ ሮቢት ምን ትሆናለች? ለዚህ ጥያቄ መሐንዲስ ከመጥራታችን በፊት የይፋትን ታሪክ ብንጠይቅ ይሻላል። ይፋት መንገድ የመጣበትና መንገድ የሄደበት አገር ነውና።

ከዘይላ እስከ አልዩ አምባ

ይፋት ገና በመካከለኛው ዘመን የመንገድ አገር ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የመሠረተው የይፋት ሱልጣኔት ኃይሉን ያገኘው ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የሲራራ ንግድ መስመር ስለያዘ ነው። ጨው፣ ጨርቅና የባሕር ማዶ ዕቃ ሽቅብ ይወጣል፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና፣ መደበቅ አይቻልም፣ የሰው ልጅ በባርነት ቁልቁል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1332 አፄ አምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረ ዲን ሲዋጉ ሃይማኖቱ የጦርነቱ ሰንደቅ ነበር፤ ከሰንደቁ ሥር ግን የንግድ መስመሩን ማን ይቆጣጠር የሚል ጥያቄ አለ። (በነገራችን ላይ፣ ሰብረ ዲን በአምደ ጽዮን ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደፎከረ የንጉሡ ዜና መዋዕል ጽፎታል። የጫት ወዳጆች ታሪካችሁ ረጅም ነው።)

የዚያ ዘመን ከተሞች የት ደረሱ? ዛሬ ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቁ በተራራው እግር ላይ ፈርሰው ይገኛሉ። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እንደ ኖራና አስባሪ ያሉ ቦታዎችን አጥንተዋል፤ የድንጋይ መስጊዶች፣ የቤት ፍርስራሾች፣ መቃብሮች። ሰው የሚኖርባቸው፣ የሚነገድባቸው ከተሞች ነበሩ። የሱልጣኔቱ ኃይል በጦርነት ተሰበረ፣ የወላስማ ልጆች ማዕከላቸውን ወደ ምሥራቅ ወደ አዳል ወሰዱ፣ ንግዱም አብሮ ሄደ። የቀረው ድንጋዩ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የበለጠ ይቀርበናል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847)፣ የሸዋ በር ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ነበረች። ከታጁራ የተነሣ ሲራራ የአፋርን በረሃ ቆርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ፋሬ ላይ ኬላ ይደርሳል፤ ከዚያ አልዩ አምባ ይገባል። እዚያ ግመሉ ይራገፋል። ግመል ደጋ አይወጣም፤ ዕቃው በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ አንኮበር ሽቅብ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ኮርንዋሊስ ሃሪስ በዚሁ መስመር ነው የገባው። ባለቅኔው ራምቦም ለምኒልክ የጦር መሣሪያ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1887 የደረሰው በዚሁ በኩል ነው።

እንግዲህ የአልዩ አምባን ሀብት አስቡት። ሀብቷ የመጣው መንገዱ በእሷ በኩል ስላለፈ ብቻ አይደለም። ግመሉ እሷ ጋ መቆም ስላለበት ነው። ማራገፊያ፣ መጫኛ፣ ማደሪያ፣ ደላላ፣ አስተርጓሚ፣ የአሞሌ ጨው መመንዘሪያ ነበረች። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴ እዚያ ይገናኛል።

ከዚያስ? ሦስት ነገሮች ተከታትለው መጡ። ምኒልክ በ1879 ሐረርን ሲይዙ የባሕር ንግዱ ወደ ሐረር መስመር አጋደለ። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። በመጨረሻም ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋን፣ በ1917 አዲስ አበባን ነካ። ድሬዳዋ ከምንም ተነሥታ ከተማ ሆነች፤ አልዩ አምባ ደግሞ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ገባች። ማንም አልዘረፋትም፣ ማንም አላቃጠላትም። ግመሎቹ መምጣት ብቻ ተዉ።

ጣሊያን ያሰመረው መስመር

ከጣሊያን በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስድ መንገድ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። ነበረ፤ መኪና እየተንገዳገደም ቢሆን ይሄድበት ነበር። በሚያዝያ 1928 ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ከሺህ በላይ ተሽከርካሪ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። ጣርማበር ላይ ግን አርበኞቻችን መንገዱን ሰብረው ጠበቁት፤ ወታደሩ እስኪጠግነው ድረስ ሰልፉ ተገተረ። በአንዲት ማለፊያ ላይ የአንድ ዘመቻ ፍጥነት እንደሚወሰን ጣሊያኖች ያኔ ሳይማሩ አልቀሩም። በኋላ ተራራውን ፈልፍለው ወደ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የጣርማበር ዋሻ ሠሩ፤ መንገዱን ጠረጉ፣ ድልድይ ጣሉ። የሠሩት ለእኛ ብለው አልነበረም። ከአሥመራ ወታደር ሊያመላልሱበት ነው። መንገዱን የሠራው የባዕድ መሐንዲስ ብቻ አለመሆኑም አይዘንጋ፤ ድንጋዩን የተሸከመው የብዙ ኢትዮጵያዊ ትከሻ ነው።

ይህ መስመር ይፋትን እንደገና ሳላት። አንኮበርና አልዩ አምባ ከመስመሩ ውጪ ቀሩ፤ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ በመስመሩ ላይ ተሰኩ። በጥንቱ ጊዜ ከተማ በተራራ አናት ላይ ነበር የሚሠራው፣ ጠላት እንዳይደርስበት። አሁን ከተማ በቆላው፣ በመንገዱ ዳርና ዳር፣ መኪና እንዲደርስበት ሆነ። የሸዋ ሮቢትን ቅርጽ ያየ ሰው ይህን ታሪክ ያነበዋል፤ ዋናው መንገድ የከተማዋ ዋና ጎዳና ነው፣ ዋና ጎዳናው ደግሞ ገበያዋ። ተሳቢ፣ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ግመልና ተማሪ በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ።

በንጉሡ ዘመን ይህ መጋፋት ገንዘብ ነበር። ወደ አሰብ ወደብ የሚወስደው የመኪና መንገድ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው ስለነበር፣ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ ከፊሉ በይፋት ቆላ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ያ የኤንትሬ ዘመን ነው። ሾፌር ማለት ጌታ፤ የሚበላው የሚታወቅ፣ የሚያድርበት የሚታወቅ፣ ሲመጣ በግ የሚታረድለት።

ከዚያ በ1960ዎቹ ሌላ መንገድ ተሠራ። ከአዋሽ ተነሥቶ የአፋርን ሜዳ ይዞ በገዋኔ በኩል ሚሌ የሚገባው። ይህ መንገድ ጣርማበርን አይወጣም፣ ዋሻ የለውም፣ ጭጋግ የለውም። ከባድ መኪና ምርጫ ሲሰጠው ሜዳውን ይመርጣል፤ ማንም አይፈርድበትም። ለአገሪቱ ኢኮኖሚ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ግንቦት 1990 ጦርነት መጥቶ አሰብ ሲዘጋና ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር የአዋሽ ሚሌ መንገድ ይበልጥ ደም ሥር ሆነ። ለይፋት ከተሞች የቀራቸው የወሎና የትግራይ ተሳፋሪ፣ የአገር ውስጥ ጭነት፣ የገዛ ማሳቸው ምርት ነው። አልሞቱም፤ ማሾና ሽንኩርቱ፣ ማሽላውና ማንጎው አቆያቸው። ከአልዩ አምባ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው፤ ከመንገዱ ሌላ እርሻ ነበራቸው።

የአዳማው መንገድ ምን አስተማረን?

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። አገራችን የፍጥነት መንገድ የሚባለውን ያየችው የአዲስ አበባ አዳማ መንገድ በመስከረም 2007 ሲመረቅ ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ስድስት መስመር፣ በአጥር የታጠረ፣ በገንዘብ የሚገባበት፣ በተወሰኑ በሮች ብቻ የሚወጣበት። አሮጌው መንገድ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መሐል ያልፋል፤ አዲሱ ከተሞቹን በጎን ይላቸዋል።

ያኔ ብዙ ሰው እነዚህ ከተሞች ይሞታሉ ብሎ ፈራ። አልሞቱም። ለምን? ዱከም የኢንዱስትሪ ዞን ነበረው። ቢሾፍቱ ሐይቆቹ አሉት፤ ሰው ለማለፍ ሳይሆን ለመዋል የሚሄድበት ከተማ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ይዟል። መንገዱ የወሰደው ዝም ብሎ የሚያልፈውን መኪና ነው፤ ጉዳይ ያለው ሰው ዛሬም ይመጣል። እንዲያውም ከባድ መኪናና የሩቅ አውቶቡስ ሲቀንስ መሐል ከተማው ለራሱ ነዋሪ ተለቀቀ። ያጣው ግን የከተማው ሕዝብ በሙሉ ሳይሆን ከሕዝቡ አንዱ ክፍል ነው፤ ኑሮው በአላፊ መኪና ላይ ብቻ የተንጠለጠለው። ከተማው አደገ ብሎ መጽናናት ለእሱ እራት አይሆነውም።

ባሕር ማዶም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። አሜሪካኖች በ1956 (እ.ኤ.አ.) የኢንተርስቴት አውራ ጎዳና ሕጋቸውን ካወጡ በኋላ ዝነኛው ሩት 66 ከተማ በከተማ እየተዘለለ ሄደ። የመጨረሻዋ የተዘለለች ከተማ የአሪዞናዋ ዊልያምስ ናት፤ በጥቅምት 1984። ዊልያምስ ግን ከግራንድ ካንየን አጠገብ ናት፤ የድሮውን ባቡር አስነሥታ፣ የድሮውን መንገድ ራሱን መጎብኛ አድርጋ ተረፈች። ግራንድ ካንየን የሌላቸው ብዙ የሩት 66 መንደሮች የተሰበረ የነዳጅ ማደያና የወለቀ ታፔላ ሆነው ቀሩ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ቢሾፍቱን ትሆናለች ወይስ አልዩ አምባን? መልሱ ግማሹ በእጇ ነው። የመስኖ መሬት፣ ፍራፍሬ፣ የቆላና የደጋ መገናኛ ገበያ አላት። ግማሹ ግን በንድፉ ላይ ነው፤ መውጫው የት ይሁን፣ መንገዱ በመሐል ይሰፋ ወይስ በጎን ይለፍ፣ ሥራው በየትኛው ወር ይጀመር በሚሉ፣ ከሩቅ ሲታዩ ጥቃቅን በሚመስሉ ውሳኔዎች ላይ።

ማን ያጣል? ማን ያገኛል?

መንገዱ በከተማው መሐል ይሰፋ እንበል። የመጀመሪያው ረድፍ ይፈርሳል፤ ሱቁ፣ ቡና ቤቱ፣ ፋርማሲው። ከኋላ የነበረው የጓሮ ቤት በአንድ ሌሊት ፊት ለፊት ይሆናል፤ ዋጋው ይተኮሳል። ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ከሰረ፣ አንዱ ሎተሪ ደረሰው። አስፋልቱ ደግሞ ሲሰፋ ይፈጥናል፤ ቀድሞ በሁለት እርምጃ ይሻገሩት የነበረው መንገድ ወንዝ ይሆናል። ግመል የሚነዳው አፋር፣ ሽንኩርት የጫነችው እናት፣ ተማሪው እንዴት ይሻገሩ?

በጎን ይለፍ እንበል። ከተማው ጸጥ ይላል፣ የመኪና አደጋው ይቀንሳል፤ ግን እርሻ ይቆረጣል፣ የመስኖ ቦይ ይቋረጣል። በይፋት ቆላ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ቀልድ አያውቅም፤ ከፍ ተደርጎ የተሠራ መንገድ በቂ ማሳለፊያ ካልተተወለት ግድብ ሆኖ ውኃውን ወደ ሰው ማሳ ይመልሰዋል። ጎብጣ ማንጎ የምትሸጠው ሴትም መኪናው ሄዶባታል።

ሕጋችንስ ምን ይላል? በ1997 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 በመሠረቱ የሚቆጥረው መሬቱ ላይ ያለውን ንብረት ነበር፤ ቤቱን፣ ዛፉን፣ ሰብሉን፣ ከዚያም የመፈናቀያ ካሳ፤ ለገበሬ የዓመት አማካይ ገቢው አሥር እጥፍ። በ2011 የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 እጥፉን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገ፤ ከዚያም አልፎ መሬት በመወሰዱ ምክንያት ሥራውን፣ ንግዱን ወይም የኪራይ ገቢውን ላጣ ሰው የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ የሚባል ነገር አስገባ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ቃሉን አስተውሉ፤ መሬት በመወሰዱ። መሬቱ ሳይነካ፣ ቤቱ ሳይፈርስ፣ መኪናው ብቻ በሌላ በኩል የሄደበት ሰውስ? ተከራይቶ ሻይ ቤት የከፈተው ልጅስ? መንገድ ዳር ዘርግታ የምትሸጠውስ፣ ፈቃድም ግብር መዝገብም የሌላት? እነዚህን ለመቁጠር በቅድሚያ መኖራቸውን ማመን ያስፈልጋል።

በ2016 በአዲስ አበባ ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙዎቻችን በቅርብ ያየነው ይህንኑ ነው። መንገዱ ሰፋ፣ አማረ። የቤት ባለቤትነት ማስረጃ ያለውና የሌለው፣ ባለቤቱና ተከራዩ ግን እኩል አልሄዱም። በአዲስ አበባ ካሜራ አለ፣ ጋዜጠኛ አለ፣ እኛም አለን። ሸዋ ሮቢት ላይ ማን አለ?

ከዶዘሩ በፊት

መቼም ጽሑፉን እስከዚህ ያነበበ ሰው «እና መንገድ አይስፋ ነው የምትሉት?» ሊል ይችላል። አይደለም። ጠባብ መንገድ ሰው ይገድላል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል በጭጋግ ከተሳቢ ኋላ የተጓዘ ሰው የመንገድ መስፋት ቅንጦት እንዳልሆነ ያውቃል። መንገድ መዘጋትም ምን እንደሆነ ይፋት ከማንም በላይ ያውቃል፤ በ2013 የአጣዬ አካባቢ ሲቃጠል፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ፣ መንገዱ ሲቆረጥ ገበያውም አብሮ ነው የተቆረጠው። ከአዋሽ ተነሥቶ ይፋትን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ እንዲዘልቅ በ2007 ግንባታው የተጀመረው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የባቡር መስመርም በጦርነቱ ተጎድቷል። ሰው ተስፋ የጣለበት መንገድ ሳይደርስ ሲቀር የሚያደርሰው ጉዳትም የራሱ ቁጥር አለው።

የምንለው ሌላ ነው። ባለፉት ሰባት መቶ ዓመታት በይፋት መንገድ በተቀየረ ቁጥር ውሳኔው ሌላ ቦታ ነው የተወሰነው፤ በሐረር፣ በፓሪስ፣ በሮም፣ በአዲስ አበባ። ከተሞቹ የሰሙት መኪናው ወይም ግመሉ ሲቀር ነው። በዚህኛው ዙር ይህን መቀየር ይቻላል፤ ዋጋውም ውድ አይደለም።

አንደኛ፣ መቁጠር። አንድ መኪና ስንት ጊዜ አለፈ የሚለውን መንገዶች አስተዳደር ድሮም ይቆጥራል። ስንቱ ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ ስንት ደቂቃ ቆመ፣ ምን ገዛ የሚለውን ግን የሚቆጥር የለም። ለአንድ ወር ያህል፣ የገበያ ቀንና ተራ ቀን፣ የማንጎ ወቅትና ከወቅቱ ውጪ፣ የአካባቢው ኮሌጅ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ቢቆጥሩት ከተማዋ ለድርድር የምትይዘው ወረቀት ይኖራታል።

ሁለተኛ፣ የግንባታው ጊዜ። መንገድ የሚሰፋው በዓመታት ነው፤ ንግድ የሚሞተው ግን በወራት። በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ከመቆፈር አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሻገር፣ በየሱቁ ደጃፍ መረማመጃ መተው፣ ተለዋጩን መንገድ በውኃ እያረጠቡ አቧራውን መያዝ፣ የፍራፍሬ ወቅቱን መዝለል፤ እነዚህ ሁሉ በውል ላይ ካልተጻፉ ተቋራጩ በራሱ ፈቃድ አያደርጋቸውም።

ሦስተኛ፣ የመቆሚያ ቦታ። መንገዱ በጎን የሚያልፍ ከሆነ መውጫው ለከተማው ቅርብ ይሁን፤ አውቶቡስና ጭነት መኪና የሚቆሙበት ማረፊያም አብሮ ይነደፍ። ማረፊያው ለአንድ ባለሀብት ከሚሰጥ፣ ዛሬ ዳር ላይ ለሚሸጡት በማኅበር ተደራጅተው ጥላና ውኃ ያለው ቦታ ይሰጣቸው። ልብ በሉ፣ አልዩ አምባን ያኖራት የግመል ማራገፊያው ነበር።

አራተኛ፣ ማስታወቅ። ቀይ ቀለም ግድግዳ ላይ ሲቀባ አይደለም ሰው መስማት ያለበት። ዛሬ ብድር ወስዶ ሆቴል የሚሠራ ሰው መንገዱ በየት በኩል እንደሚታሰብ ቢያውቅ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያደርግ ይሆናል። ምስጢር የሚጠቅመው አስቀድሞ ሰምቶ መሬት የሚገዛውን ብቻ ነው።

እኛስ? እኛ በመስኮት የምናልፈው ነን። ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ጉዞ ሁለት ቢሆንልን ደስ ይለናል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የምናተርፋት አንድ ሰዓት ከሰማይ አትወርድም፤ ከፊሏ ከዚያች ከአምስት ደቂቃዋ ገበያ የተቆረጠች ናት። መንገዱ ሲታቀድ በወጪው መዝገብ ላይ ሲሚንቶውና ሬንጁ ከተጻፉ፣ እሷም ትጻፍ።